ይነሳ ወይስ ይፈታ? የአሮጌ ሞተር ሳይክል አዲስ ባለቤት ምርጫዎች

ዓመታት ጥግ ይዞ አቧራ የጠጣ ሞተር ሳይክል የገዛ ሰው የመጀመሪያውን ማታ እንዴት እንደሚያሳልፈው አውቃለሁ። ካቻቪቴ ይዞ አጠገቡ ይቀመጣል። ታንኩ ይወርዳል፤ ካርቡሬተሩ ይከተላል። ሳምንት ሳይሞላ ሞተር ሳይክሉ ሦስት ካርቶን ይሆናል። እኔም የጀመርኩት እንደዚሁ ነው። ካርቶኖቹ ሁለት ዓመት ተቀመጡ። በመጨረሻ ስገጥመው አምስት ቡሎን ተረፈኝ፤ ከየት እንደተረፉ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ስለዚህ ምርጫዎቹን ሳወዳድርላችሁ ገለልተኛ ነኝ አልልም። አቋሜ ይኸው፦ መጀመሪያ ይነሳ፣ መፍታቱ ይደርሳል።

ሦስቱ መንገዶች

አንደኛው መንገድ ሙሉ እድሳት ነው። እስከ መጨረሻዋ ዳዶ ይፈታል፣ ሻሲው ተልጦ ይቀባል፣ ሞተሩ ይከፈታል። ሁለተኛው ማስነሳትና ለመንገድ ማብቃት ብቻ ነው፤ የማይሠራው ይሠራል፣ የሚሠራው አይነካም። ሦስተኛው ደግሞ በመሃል ያለ ነው። መልኩ እንዳረጀ ይቀራል፤ ፍሬኑ፣ ጎማው፣ ኤሌክትሪኩና ሞተሩ ግን በየተራ ይታደሳሉ።

ለጀማሪ ሁለተኛው መንገድ ይሻላል የምለው ለስንፍና ብዬ አይደለም። የሚሠራ ሞተር ብዙ ነገር ይናገራል። ጭሱ ምን ዓይነት ነው? ሦስተኛ ማርሽ ከጥርሱ ያፈተልካል? ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል? ከታች ማንኳኳት አለ? እነዚህን ጠረጴዛ ላይ ከተበተነ ብረት መስማት አይቻልም። ከሁሉ በላይ፣ ሳታስነሱት ፈትታችሁ ገጥማችሁት እንቢ ካለ ጥፋቱ የድሮ ይሁን የእናንተ መለየት ይቸግራል። አስነስታችሁ ካወቃችሁት በኋላ ግን አንድ ነገር ነክታችሁ ከተበላሸ፣ የነካችሁት ነገር ነው።

ሙሉ እድሳት ትክክል የሚሆንበት ጊዜም አለ። ውሃ ሞተሩ ውስጥ ገብቶ ከነበረ፣ ሻሲው ከተሰነጠቀ ወይም ከታጠፈ፣ ዘይቱ ሲወርድ የብረት ብናኝ ይዞ ከወጣ፣ ለማስነሳት መታገል ጉዳቱን ማስፋት ነው። ያኔ ፍቱት። ግን እያንዳንዱን ደረጃ በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። ቡሎኖቹን በየክፍላቸው በተጻፈባቸው ከረጢቶች አስቀምጡ። «አልረሳውም» የሚባለው ነገር ሁሉ ይረሳል።

ገና ካልገዛችሁ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። የማይነሳ ግን ምንም ያልጎደለው ሞተር ሳይክል ተፈትቶ በካርቶን ከሚሸጠው ይበልጣል፤ ያለቀ ዕቃ ሞዴል ሆኖ ምትኩን ያስገኛል፣ የጠፋ ዕቃ ግን ምን እንደሚመስል እንኳን አታውቁም። በአዲስ ቀለም የሚያብለጨልጨውንም ተጠራጠሩ። ቀለም ብዙ ነገር ይሸፍናል።

ከመምታት በፊት

ዓመታት የቆመን ሞተር ዘላችሁ ኪክ አትምቱ። ካንዴላውን (ብልጭታ የሚሰጠውን) አውጡ፣ በቀዳዳው ጥቂት ዘይት ጠብ አድርጉና አንድ ቀን ተዉት። ከዚያ ከፍተኛ ማርሽ አስገቡና የኋላ ጎማውን በእጅ ወደፊትና ወደኋላ እያወዛወዛችሁ ሞተሩን አዙሩ። ከዞረ ደስ ይበላችሁ። ካልዞረ ዝገት ፋሻዎቹን (ፒስተኑን የከበቡትን ቀለበቶች) ከሲሊንደሩ ጋር አጣብቋቸው ሊሆን ይችላል።

እዚህም ምርጫ አለ፤ ኃይል ወይስ ትዕግሥት። ኃይል ማለት ኪኩ ላይ መቆም ነው። የተሰበረ ፋሻና የታጠፈ የኪክ አልቤሮ (ዘንግ) ውጤቱ ነው። ትዕግሥት ማለት ዝገት ማላቀቂያ ዘይት ወይም የአውቶማቲክ ማርሽ ዘይትና አሴቶን እኩል ደባልቆ በካንዴላ ቀዳዳ መጨመር፣ ቀናት መጠበቅ፣ በየቀኑ ቀስ ብሎ ማወዛወዝ ነው። ሁለት ሳምንት የፈጀባቸውም ተላቀዋል። ካልተላቀቀ ቴስታታው (የሲሊንደሩ ክዳን) መነሳቱ ነው፤ የግድ ሲሆን አይከፋም።

ስለ መፍቻ ትንሽ ልበል። የድሮ የጃፓን ሞተር ሳይክሎች ቪት መስቀለኛ ቢመስልም ከተለመደው መስቀለኛ የተለየ የጃፓን መለኪያ ነው፤ ጂስ ይባላል። ተራው ካቻቪቴ ጥሩ ተቀምጦ አይይዘውም። ተንሸራቶ ይወጣና የቪቱን ራስ ይበላዋል። የጂስ ካቻቪቴ አንድ ጊዜ መግዛት ሃያ የተበላ ቪት ከመሰርሰር ያድናል። የድሮ የእንግሊዝ ሞተር ሳይክል ከሆነ ደግሞ ሚሊ ሜትር ቁልፍ ብዙ ቦታ ላይ አይገጥምም፤ ዊትወርዝ የሚባለው መለኪያ ያስፈልጋል። «ተቀራራቢ ነው» ብሎ መጠቀም ዳዶውን ማክበብ ነው።

የካንዴላዋ ምስክርነት

ሞተር ለመነሳት ነዳጅ፣ አየር፣ ብልጭታና ጭመቃ ይፈልጋል፤ ብልጭታውም በሰዓቱ መሆን አለበት። የትኛው እንደጎደለ ለማወቅ ርካሹ መሣሪያ ካንዴላ ነው። አሥር ጊዜ ያህል ኪክ መትታችሁ ወዲያው አውጧት። ደረቅ ከሆነች ነዳጅ አልደረሰም፤ ወደ ታንክ፣ ቱቦና ካርቡሬተር ሂዱ። እርጥብ ሆና ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተች ነዳጁ ደርሷል፤ ብልጭታው የለም ወይም ነዳጅ በዝቶ አፍኗል።

ብልጭታ ለማየት ካንዴላዋን ቆቧ ውስጥ ከትታችሁ ብረቷን ከሞተሩ ብረት ጋር አስነኩ። ከካንዴላው ቀዳዳ ግን አርቁ፤ ከቀዳዳው የሚተነው ቤንዚን ይቀጣጠላል። ወፍራም ሰማያዊ ብልጭታ ጥሩ ነው። ቀጭን ቢጫ ከሆነ ደካማ ነው። ቦቢናውን (ለካንዴላዋ ከፍተኛ ቮልት የሚፈጥረውን የሽቦ ጥቅል) ከመወንጀል በፊት አዲስ ካንዴላና አዲስ ቆብ ሞክሩ፤ ርካሹ ይቅደም።

ጀማሪን ከሚያሳብዱት ችግሮች አንዱ አሥር ደቂቃ ጥሩ ሄዶ የሚጠፋው ነው። ተጠርጣሪዎቹ ሁለት ናቸው። የታንኩ ክዳን መተንፈሻ ተደፍኖ ከሆነ ታንኩ ውስጥ አየር ስለማይገባ ቤንዚን መውረዱን ያቆማል። ሲጠፋ ክዳኑን ክፈቱ፤ «ሽሽ» ብሎ አየር ከሳበና ወዲያው ከተነሳ ጉዳዩ ያ ነው። ክዳን ተከፍቶም ካልተነሳ፣ ሃያ ደቂቃ ቀዝቅዞ ግን ከተነሳ፣ ሲሞቅ የሚደክም ቦቢና ወይም ኮንደንሰር (ብልጭታውን የሚያግዝ ትንሽ ኤሌክትሪክ አጠራቃሚ) ነው። ይህን ሳይለዩ ካርቡሬተር አሥር ጊዜ የሚፈቱ ሰዎች አሉ።

ጭመቃውን በመለኪያ ለኩ። ነዳጅ መስጫውን እስከ መጨረሻ ከፍታችሁ ኪክ ምቱ። ብዙ ጤነኛ ሞተሮች ከ8 እስከ 12 ባር ያሳያሉ፤ ትክክለኛው ቁጥር ግን በሞዴሉ መጽሐፍ ውስጥ ያለው ነው። ፎር ስትሮክ (ቫልቭ፣ ማለትም የሚከፈትና የሚዘጋ ማስገቢያና ማስወጫ፣ ያለው ዓይነት) ሆኖ ካነሰ በቀዳዳው አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ጨምራችሁ ድገሙት። ቁጥሩ ከጨመረ ፋሻው ነው። ካልጨመረ የቫልቭ ነገር ነው፤ ያኔም ከመደንገጥ በፊት ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ የቫልቩን ክፍተት ለኩ። ብዙ ትንንሽ ሆንዳዎች ላይ 0.05 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። የጠበበ ክፍተት ቫልቩ እንዳይዘጋ አድርጎ ጭመቃ ይሰርቃል፤ ማስተካከያው ሩብ ሰዓት አይፈጅም።

ፑንቲና ወይስ ኤሌክትሮኒክ

ክርክሩ የጦፈው እዚህ ላይ ነው። ፑንቲና እየተከፈተና እየተዘጋ ብልጭታው በሰዓቱ እንዲወጣ የሚያደርግ ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ ነው፤ በየጊዜው ያልቃል፣ ይቆሽሻል፣ ክፍተቱ ይቀየራል። ያንኑ ሥራ የሚሠራው ኤሌክትሮኒክ ዕቃ አንዴ ከተገጠመ ማስተካከያ አይጠይቅም፤ ብልጭታውም አይዋዥቅም። በወረቀት ላይ ኤሌክትሮኒኩ አሸናፊ ነው።

በመንገድ ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ፑንቲና ከመሞቱ በፊት ያስጠነቅቃል፤ መነሳት ያስቸግራል፣ መሳብ ይቀንሳል። መንገድ ዳር ቆማችሁ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ጠርጋችሁ ወደ ቤት ትመለሳላችሁ። ኤሌክትሮኒኩ ሲሞት በአንዴ ይሞታል፤ ኪሳችሁ ውስጥ ምንም ቢኖር አያድነውም። ከባትሪ የሚሠራው ዓይነት ደግሞ ባትሪው ሲደክም ጨርሶ ብልጭታ ሊከለክል ይችላል።

የእኔ ምክር፣ የመጀመሪያውን ዓመት በፑንቲና ንዱ። ክፍተቱ ብዙ የጃፓን ሞተሮች ላይ ከ0.3 እስከ 0.4 ሚሊ ሜትር ነው። ሰዓቱን ለማስተካከል ሮተሩ ላይ ኤፍና ቲ የሚሉ ፊደሎች ፈልጉ፤ ቲ ፒስተኑ ጫፍ የደረሰበት ነው፣ ኤፍ ብልጭታው የሚወጣበት። በባትሪ የሚሠራ ከሆነ ትንሽ አምፖል ከፑንቲናው ሽቦና ከሞተሩ ብረት ጋር አገናኙ። ቁልፉን ከፍታችሁ ሞተሩን በእጅ ስታዞሩ አምፖሉ መብራት ያለበት ልክ ኤፍ ምልክቷ ላይ ስትደርሱ ነው። ፑንቲናው ቶሎ ቶሎ ከተቃጠለና ጉድጓድ ካወጣ ፑንቲና አትለዋውጡ፤ ኮንደንሰሩን ቀይሩ።

ይህን አንዴ በእጃችሁ ከሠራችሁ በኋላ ወደ ኤሌክትሮኒክ ብትዞሩ አልቃወምም። አሮጌውን ፑንቲና ግን አትጣሉት፤ ከነሳህኑ በላስቲክ ጠቅልላችሁ ከመቀመጫው ሥር አስቀምጡት።

ካርቡሬተር፦ ማጠብ፣ ኪት ወይስ አዲስ

ሞተሩ በቾክ (ቀዝቃዛ ሞተር ሲነሳ ነዳጅ በሚያበዛለት) ብቻ የሚሠራ ከሆነ፣ ቾኩን ስትመልሱት የሚጠፋ ከሆነ፣ ነዳጅ አንሶታል። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋተኛዋ ሞተሩ ጋዝ ሳይሰጠው ሲሠራ ነዳጅ የምትመግበው ትንሿ ጄት (ነዳጅ ለክታ የምታሳልፍ ባለ ቀዳዳ ቁራጭ) ናት። ቀዳዳዋ ግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳን አይሞላም። የደረቀ ቤንዚን ሙጫ ሆኖ ይደፍናታል።

ሦስት አማራጭ አላችሁ። አዲስ ርካሽ ቅጂ ካርቡሬተር መግዛት ፈጣን ይመስላል፤ የቅጂዎቹ ጄት ግን ላዩ ላይ የተጻፈው ቁጥርና ትክክለኛው ቀዳዳ የማይገናኙበት ጊዜ ብዙ ነው። ከዚያ ያልነበረ በሽታ ስታሳድዱ ትከርማላችሁ። ሁለተኛው የጥገና ኪት ነው፤ ጎሚኒው (የጎማ ማሸጊያው)፣ ጓርኒሲዮኑ (መጋጠሚያ መሃል የሚገባው ማሸጊያ) እና የቤንዚን መዝጊያው መርፌ ይጠቅማሉ፣ ጄቶቹን ግን እዚያው ከረጢታቸው ውስጥ ተዉአቸው። የሚሻለው ሦስተኛው ነው። ዋናውን ካርቡሬተር ፈትታችሁ እጠቡ፣ ፋብሪካው ያስቀመጠውን ጄት መልሱ፣ የኪቱን ጎሚኒ ተጠቀሙ።

ስትፈቱ የአየር ቪቷን ከማውጣታችሁ በፊት እስክትቀመጥ ድረስ አጥብቃችሁ ስንት ዙር እንደዞረች ጻፉ። ጎሚኒ ነገር ማጠቢያው ውስጥ አታስገቡ፤ ያብጣል። ጄቷን በብረት ሽቦ አትውጉ። ቀዳዳው ሰፍቶ ጄቷ ሌላ ቁጥር ትሆናለች። ከኤሌክትሪክ ገመድ የተነጠለች አንዲት የመዳብ ክር ትበቃለች። ወደ ብርሃን አንስታችሁ ስታዩ ፍጹም ክብ ብርሃን ካልታየ አልጠራም።

ታጥቦ ጠርቶም ያው ከሆነ አየር በጎን እየገባ ይሆናል። ሞተሩ እየሠራ ካርቡሬተሩን ከሞተሩ ጋር የሚያገናኘው ጎማ ላይ ውሃ እርጩ። የሞተሩ ድምፅ ከተቀየረ ጎማው ተሰንጥቋል። ካርቡሬተሩ የሚተካው አንሸራታቹ (ጋዝ ሲሰጥ የሚነሳው ክፍል) ሲነካ የሚንቀጫቀጭ ከሆነ ወይም ብረቱ ራሱ በዝገት ከተበላ ነው።

የታንኩን ዝገት በምን?

ኮምጣጤ ወይም ሲትሪክ አሲድ ቀላሉ ነው። ሞልታችሁ አንድ ሁለት ቀን ተዉት፣ ጥቂት ዳዶ ጨምራችሁ አራግፉ፣ ከዚያ በቤኪንግ ሶዳ ውሃ እጠቡ። የሚሳሳተው ሰው የሚሳሳተው መጨረሻው ላይ ነው። እርጥብ ታንክ በደቂቃዎች ውስጥ እንደገና ብርቱካናማ ይሆናል። ወዲያው በሞቀ አየር አድርቃችሁ ውስጡን በዘይትና ቤንዚን ድብልቅ ቀቡ።

በኤሌክትሪክ ዝገት ማውጣት ጤነኛውን ብረት አይበላም፤ ግን ሃይድሮጅን ስለሚወጣ ደጅ ነው የሚሠራው። ውስጡን በኢፖክሲ መለበጥ የመጨረሻ አማራጭ ይሁን። በደንብ ካልጸዳ ብረት ላይ ከተቀባ ዓመት ሳይቆይ ይላጣል፣ ልጣጩ ካርቡሬተር ይደፍናል፣ እሱን ማውጣት ከዝገቱ ይብሳል። የሚያፈስ ታንክ ደግሞ ለብየዳ ከመውሰዳችሁ በፊት ሁለት ጊዜ አስቡ። ባዶ የሚመስል ታንክ በቤንዚን ትነት የተሞላ ቦምብ ነው።

6 ቮልት ይቆይ ወይስ ወደ 12?

መብራቱ እንደ ሻማ የሆነበት ሁሉ ወደ 12 መቀየር ያስባል። ከዚያ በፊት አንድ ስሌት። 35 ዋት አምፖል በ12 ቮልት 3 አምፔር ገደማ ይስባል፤ በ6 ቮልት 6 ገደማ። አንድ የዛገ መገናኛ ላይ የሚባክነው ቮልት እጥፍ ይሆናል፤ የሚቀነሰው ደግሞ ከ12 ሳይሆን ከ6 ቮልት ላይ ስለሆነ ጉዳቱ በመቶኛ አራት እጥፍ ነው። የ6 ቮልት መብራት ብዙ ጊዜ የሚደክመው 6 ስለሆነ ሳይሆን መገናኛው ስለቆሸሸ ነው።

ስለዚህ የምድር ሽቦዎቹን ሁሉ ፈትታችሁ እስኪያብለጨልጩ ጥረጉ፤ ብዙዎች እዚህ ላይ ያቆማሉ። ካልበቃችሁ ቀይሩ፤ ግን ባትሪ፣ አምፖሎች፣ ክላክስ፣ ሬጉሌተር (ባትሪውን የሚሞላውን ቮልት የሚቆጣጠረው) እና እንደ ሁኔታው ቦቢናም አብረው እንደሚቀየሩ እወቁ። 12 ቮልት ከሆነ ደግሞ ሞተሩ ሲሠራና ሲቆም ባትሪውን በቴስተር ለኩ። የሞላ ባትሪ ቆሞ 12.6 ገደማ ነው፤ ሞተሩ ጋዝ ሲሰጠው ከ13.8 እስከ 14.5 መድረስ አለበት። ካልደረሰ አዲስ ባትሪ መግዛት አያድንም። የድሮ እንግሊዞች ላይ ደግሞ ተጠንቀቁ፤ ብዙዎቹ ላይ ሻሲው ላይ የሚታሰረው የባትሪው ፖዘቲቭ ነው። በልምድ አስሮ ሽቦ ያቃጠለ ብዙ ነው።

ቱ ስትሮክ ወይስ ፎር ስትሮክ

ቱ ስትሮክ (ዘይት ከቤንዚን ጋር የሚያቃጥለው ዓይነት) ውስጡ ጥቂት ዕቃ ነው፤ ቫልቭ የለውም፣ ቴስታታው በአራት ዳዶ ይነሳል። ለመማር ደስ ይላል። ግን ዓመታት ሲቆም የኮሎው (ፒስተኑ የሚያዞረው ዋና ዘንግ) ፓራኦሊዮዎች፣ ማለትም አየርና ዘይት የሚያግዱት የጎማ ቀለበቶች፣ ይደርቃሉ። በማግኔቱ በኩል ያለው ከላላ አየር ይገባል፤ ጋዝ ስትለቁ ሞተሩ ቶሎ አይወርድም፣ ይግላል፣ በመጨረሻ ፒስተኑን ይበሳል። በፍሪሲዮኑ በኩል ያለው ከላላ የማርሽ ዘይት ይጠባል፤ ጭሱ አያልቅም፣ የማርሽ ዘይቱ ግን እየጎደለ ይሄዳል። ዘይት በፓምፕ የሚመግብ ከሆነ፣ ፓምፑ መሥራቱን እስክታረጋግጡ ድረስ ቤንዚኑ ላይ ዘይት ቀላቅሉ። ትንሽ ቢያጨስ ይሻላል።

ፎር ስትሮክ ዕቃው ብዙ ነው፤ ቸልታን ግን የበለጠ ይታገሳል። ጭሱን አንብቡ። ጠዋት ሲነሳ አጭሶ የሚተው ሰማያዊ ጭስ የቫልቭ ጎሚኒ ነው። ጋዝ ስትሰጡ የሚብስ ከሆነ ፋሻ ነው። ዘይት ስትቀይሩ ለሞተር ሳይክል የተሠራ፣ ጃሶ ኤምኤ የሚል ያለበትን ውሰዱ። አንዳንድ የመኪና ዘይት ዘይት ውስጥ የሚሠራውን ፍሪሲዮን ያንሸራትታል።

ለመጀመሪያ ጊዜ ባለ አንድ ሲሊንደር ፎር ስትሮክ ምረጡ። ከ1958 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲመረት የኖረው ሆንዳ ሱፐር ካብ ከ100 ሚሊዮን በላይ ተሠርቷል፤ ዕቃ አጣሁ ማለት ይከብዳል። በ1969 እ.ኤ.አ. የወጣው ሆንዳ ሲቢ750 ያማረ ነው፤ ግን አራት ካርቡሬተር እኩል ማናበብ ለጀማሪ ቅጣት ነው።

ቁጠባ የማይሠራበት ቦታ

እስካሁን ብዙውን ጊዜ «የድሮውን ጠብቁ» ብያችኋለሁ። ብረት ሲሆን ነው። ጎማ ነገር ሲሆን ተገላቢጦሽ ነው። የጎማው ጥርስ አዲስ ቢመስልም ጎኑ ላይ ያለውን ባለ አራት አሃዝ ቁጥር አንብቡ፤ 2309 ማለት በ2009 እ.ኤ.አ. 23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ሦስት አሃዝ ብቻ ካለው ከ2000 እ.ኤ.አ. በፊት የተሠራ ነው፤ ወዲያው አውልቁት። የቤንዚን ቱቦ፣ የፍሬን ቱቦ፣ ካላማዳሪያ (ጎማው ውስጥ አየር የሚይዘው) ሁሉም አዲስ ይሁኑ።

የከበሮ ፍሬን ሸራም ሲያዩት ወፍራም ሆኖ ከብረቱ ተላቆ ሊሆን ይችላል። በጣታችሁ ግፉት። አቧራውን ግን በአየር አትንፉ፤ የድሮ ሸራ አስቤስቶስ ሊኖረው ይችላል፣ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት።

ስለ ቀለም አጭር ልሁን፤ ፋብሪካው የቀባው ቀለም ካለ አትንኩት። ቢላጥም ያምራል። ሐሳባችሁን ከቀየራችሁ ከአምስት ዓመት በኋላም መቀባት ይቻላል፤ የቀባችሁትን ግን መመለስ አይቻልም።

የመጀመሪያው ጉዞ አጭር ይሁን፤ እየገፋችሁ መመለስ ከምትችሉት በላይ አትራቁ። ካንዴላ፣ ቁልፍ፣ ፒንሳና ትንሽ ሽቦ ያዙ። ስትመለሱ ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ ጠብቁና ካንዴላዋን እዩ፤ ጥላሸት ካልሆነች፣ ነጭም ካልሆነች፣ ቡኒ ካለች ጥሩ ነው። ከዚያ ዳዶዎቹን ሁሉ አንድ በአንድ እንደገና ሞክሩ። አንዱ ላልቶ መገኘቱ አይቀርም።